ስለ ምስጥና ስለ እንጉዳይ እርሻው፤ ኩይሳ መቍጠር መከላከል አለመሆኑ

ምስጥ ሰብል አጠፋ የሚል አቤቱታ ከባላገር በመጣ ጊዜ ከሹማምንት ዘንድ የሚሰጠው ትእዛዝ ብዙውን ጊዜ አንድ ነው። ሕዝቡ ዶማውንና አካፋውን ይዞ ይውጣ፥ ኩይሳውን ሁሉ ያፍርስ፥ ንግሥቲቱን አውጥቶ ይግደል ይባላል። ከዚህም በኋላ የፈረሰው ኩይሳ ይቈጠርና ቍጥሩ በወረቀት ተጽፎ ወደ በላይ ይላካል፤ ቍጥሩ ከፍ ያለ እንደ ሆነም ወረዳው ትጉህ ነው ተብሎ ይመሰገናል። በሚመጣው ዓመት ግን ያው ማሳ እንደ ገና ይበላል፥ ያው አቤቱታ እንደ ገና ይጻፋል። ይህ የሚሆነው ሕዝቡ ስለ ሰነፈ አይደለም። በኩይሳው ውስጥ ያለው ነገር ምን እንደ ሆነ ሳይመረመር ትእዛዙ ስለሚቀድም ነው። ስለዚህ ዶማ ከመነሣቱ በፊት ምስጥ እንዴት እንደሚኖርና ጕልበቱን ከየት እንደሚያገኝ ገዥዎች፥ ባለ መሬቶችና የወረዳ ሹማምንት ሊያውቁት ይገባል።

ምስጥ እንጨትና ሣር ይበላል የሚባለው ሐሰት ባይሆንም ጎደሎ ነው። ከምስጥ ዓይነቶች መካከል ሊቃውንት ማክሮተርመስ፥ ኦዶንቶተርመስና ማይክሮተርመስ ብለው የሚጠሯቸውና የእነርሱም ዘመዶች፥ በጠቅላላው ወደ 330 የሚሆኑ ነገዶች፥ የሚሰበስቡትን ደረቅ ሣርና እንጨት በራሳቸው ሆድ ብቻ ሊያልሙት አይችሉም። እነዚህ ገበሬዎች ናቸው። ከመሬት በታች እርሻ አላቸው፤ የሚያበቅሉትም አዝመራ እንጉዳይ ነው። ይህም ሽርክና በአፍሪካ ደን ውስጥ ከተጀመረ ወደ 30 ሚሊዮን ዓመት እንደሚሆነው ይገመታል። ከዚያ ጊዜ ወዲህ ከእነዚህ ነገዶች አንዱ ስንኳ እርሻውን ትቶ ወደ ቀድሞው ኑሮ እንደ ተመለሰ አልታወቀም። የሰው ልጅ እርሻ ከጀመረ ገና ወደ 10 ሺህ ዓመት ቢሆነው ነውና፥ በዚህ ሙያ ምስጥ ታላቃችን ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ነገሩን የፈረንጅ ሊቃውንት ካዩትም ቈይቷል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) ዮሐን ገርሐርድ ኮኒግ የተባለው መርማሪ በደቡብ ሕንድ በምስጥ ቤት ውስጥ ያየውን የእንጉዳይ እርሻ በ1779 ዓ.ም. ጽፎ አስታወቀ። ሄንሪ ስሚዝማንም ስለ አፍሪካ ምስጥ፥ ይልቁንም በሴራሊዮን ስላየው፥ የጻፈው በ1781 ዓ.ም. በለንደን ታተመ። እንጉዳዩን ከሌሎች ለይቶ ተርሚቶማይሰስ የሚል ስም ያወጣለት ፈረንሳዊው ሮዤ ኤም ሲሆን፥ ይህም በ1942 ዓ.ም. ነው፤ ትርጓሜውም የምስጥ እንጉዳይ ማለት ነው። ነገር ግን በምዕራብና በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ያሉ ሰዎች ክረምት ሲገባ ከኩይሳ ሥር የሚወጣውን እንጉዳይ ለይተው እየለቀሙ ሲበሉ የኖሩ ናቸውና፥ እንጉዳዩና ኩይሳው የማይለያዩ መሆናቸውን ለማወቅ የፈረንጅ መጽሐፍ አላስፈለጋቸውም።

ትልቅ ኩይሳ በጥንቃቄ ቢቈፈር በመካከሉ ብዙ ጓዳዎች ይገኛሉ። በየጓዳውም ቡናማ መልክ ያለው፥ እንደ ማር እንጀራ የተቦረቦረ፥ በእጅ ቢጫኑት የሚፈረካከስ ነገር ተቀምጧል። እርሻው ይህ ነው። በላዩም ከሰናፍጭ ፍሬ የማይበልጡ ነጫጭ እንክብሎች ተበትነው ይታያሉ፤ እነርሱም እንጉዳዩ የሚያፈራቸው ናቸው። አዋቂዎቹ ሠራተኞች በጭቃ በተሸፈነ መንገዳቸው ወጥተው ደረቁን ሣር፥ ቅጠሉን፥ የእንጨቱን ልጣጭና የከብቱን ፋንድያ ቈርጠው ያመጣሉ። ከቤት የማይወጡት ወጣቶች ደግሞ የመጣውን ከነጫጮቹ እንክብሎች ጋር አብረው ይበሉታል። በሆዳቸው ውስጥ ድርቆሹና የእንጉዳዩ ዘር ይቀላቀላሉ፤ ዘሩ ግን አይሞትም። ወጣቶቹም የተቀላቀለውን አውጥተው በእርሻው ጫፍ ላይ ይለስኑታል። ዘር መዝራትና ማሳ ማለስለስ ለእነርሱ አንድ ሥራ ነው። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እንጉዳዩ ድርቆሹን ሰርስሮ ካላላው ወዲያ አዋቂዎቹ አሮጌውን ክፍል ከበታች እየቈረሱ ይበላሉ። ስለዚህ ያው ምግብ ሁለት ጊዜ በሆድ ያልፋል፤ በመጨረሻም የሚጣል ትርፍ ከቶ የለም ለማለት ይቻላል።

ይህን ሥራ የአገራችን እመቤት በቀላሉ ትረዳዋለች። የጤፍ ዱቄት በውኃ ብቻ ተለውሶ እንጀራ አይሆንም፤ እርሾ ያስፈልገዋል። በእርሾውም ውስጥ በዓይን የማይታዩ ብዙ ረቂቃን ፍጥረታት በአንድነት ይሠራሉ፤ ኮምጣጣነቱም የሚበላሸውን ሻጋታ ይከለክላል። የምስጡም እርሻ እንዲሁ ኮምጣጣ ነው፤ በውስጡም እንጉዳዩ ብቻውን አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ታትሞ በወጣ ምርመራ ሊቃውንት በደቡብ አፍሪካ የሚገኘውን ማክሮተርመስ ናታሌንሲስን፥ እንጉዳዩንና በምስጡ አንጀት የሚኖሩትን ባክቴሪያዎች ጂኖም የተባለውን የዘር መዝገባቸውን አስተያይተው ተመለከቱ። ጠንካራውን የተክል አካል ለመቈራረጥ የሚያስፈልገው መሣሪያ በእንጉዳዩ ዘንድ ተገኘ። የተቈራረጠውን ወደ ጥሩ ስኳር የሚያደርሰው መሣሪያ ደግሞ በአንጀት ባክቴሪያዎች ዘንድ ነው። የምስጡ ድርሻ ይልቁን ማምጣት፥ ማኘክ፥ ማቀላቀልና መጠበቅ ነው። ሦስቱ እንደ አንድ ሰውነት ይሠራሉ፤ አንዱ ቢጎድል የቀሩት ይራባሉ።

ንግሥቲቱም በዚሁ ሥርዐት ታስራለች። ንግሥት ተባለች እንጂ ለማንም ትእዛዝ አትሰጥም፤ በጠባብ ጓዳ ተኝታ በቀን በብዙ ሺህ የሚቈጠር ዕንቍላል የምትጥል እናት ናት። ንጉሡም ከጎኗ አይለይም። ሠራተኞቹ የላመ ምግብ ስለሚያጎርሷት በሆዷ የሚኖሩት የባክቴሪያ ዓይነቶች ከሠራተኞቹ ይልቅ እጅግ ጥቂት ሆነው ተገኝተዋል። ድርቆሽ የማላም ሥራ የላትምና።

እርሻ ባለበት አረም አይጠፋም። የምስጥ እርሻ ዋና አረም ፕሴዶዛይላሪያ የሚባል ሌላ ሻጋታ ነው። ሠራተኞቹ ባሉበት ጊዜ ይህ ሻጋታ ተሸሽጎ ይቀመጣል፤ መኖሩ ስንኳ አይታወቅም። እርሻው ከሠራተኞቹ ተለይቶ ብቻውን ቢቀመጥ ግን በጥቂት ቀን ውስጥ ሻጋታው በቅሎ ይሸፍነዋል። ምስጦቹ የታመመውን ክፍል እየነቀሉ ያወጣሉ፥ ወይም በአፈር ይቀብሩታል። ከዚህም በላይ በአንጀታቸውና በእርሻው ውስጥ ባሲለስ የተባለ ባክቴሪያ ይገኛል፤ እርሱም ጠላት የሆነውን ሻጋታ የሚያዳክም፥ ለራሳቸው እንጉዳይ ግን ብዙ የማይጎዳ መድኀኒት እንደሚሠራ በ2013 ዓ.ም. ታወቀ። እንግዲህ ምስጥ ጸረ አረም መድኀኒቱን ከራሱ ቤት ያወጣል። በቤተ ሙከራ ምስጥን የሚገድል ሻጋታ አግኝተናል የሚሉ ሰዎች ወደ ኩይሳው ሲቀርቡ ሥራቸው የሚከብደው ስለዚሁ ነው። በብርጭቆ ውስጥ ያለ 20 ምስጥና በቤቱ ያለ ሚሊዮን ምስጥ አንድ አይደሉም።

አሁን ደግሞ አዲስ ቤት እንዴት እንደሚመሠረት ማወቅ ይጠቅማል። ዝናብ ሲጥል ክንፍ ያላቸው ምስጦች ከየኩይሳው በብዛት ይወጣሉ፤ ሰው ሲበዛ እንደ አሸን ፈላ የሚባለው በእነርሱ ምሳሌ ነው። አብዛኞቹ የወፍ፥ የዶሮና የእንቍራሪት ቀለብ ይሆናሉ። የተረፉት ወንድና ሴት ክንፋቸውን ጥለው መሬት ቈፍረው ይገባሉ፥ በላያቸውም ይዘጋሉ። ከጥቂቶች ነገዶች በቀር እነዚህ ሙሽሮች የእንጉዳዩን ዘር ይዘው አይሄዱም። የመጀመሪያዎቹ ልጆቻቸው አድገው ወደ ውጭ ሲወጡ፥ በዚያው ክረምት ከሌላው ኩይሳ የወጣው እንጉዳይ የበተነውን ዘር ከሚሰበስቡት ድርቆሽ ጋር አብረው ያስገባሉ። አዲስ ጎጆ የወጣች ሴት ከጎረቤት እርሾ እንደምትበደር ማለት ነው። የሚያስደንቀው ግን፥ የብዙ እንጉዳይ ዘር ቢገባም፥ ከጊዜ በኋላ በአንድ ኩይሳ ውስጥ የሚቀረው አንድ ዘር ብቻ መሆኑ ነው።

ከዚህ ሁሉ ለአስተዳደር የሚወጣው ፍሬ ነገር ግልጽ ነው። አንደኛ፥ በኩይሳ ቍጥር የሚመካ ሹም የሚቈጥረው የሚታየውን ብቻ ነው። ማክሮተርመስ ኩይሳ ይሠራል፤ ማይክሮተርመስ ግን ቤቱ በመሬት ውስጥ ተበታትኖ በላይ ምንም ምልክት የለውም፥ ሰብልም ያጠፋል። በአንድ ቀበሌ ያለው ኩይሳ ሁሉ ፈርሶ ሲያልቅ ይህ ስውሩ ገበሬ በማሳው ሥር እንዳለ ይቀራል። ሁለተኛ፥ የአንድ ኩይሳ መፍረስ ዘሩን ከአገር አያጠፋም፤ ክንፋሞቹም የእንጉዳዩም ዘር ከአጎራባች ወረዳ፥ ካልታረሰው ጫካ፥ ከግጦሹ ይመጣሉ። ሦስተኛውና ዋነኛው ግን ይህ ነው፤ ምስጥ ለእርሻው ድርቆሽ ያስፈልገዋል። ድርቆሹን በማሳው ዳርና በግጦሹ ካገኘ እዚያው ይሰበስባል። ካላገኘ የቆመውን በቆሎ ከሥሩ ቈርጦ ይጥላል፥ የተተከለውን ችግኝ ይልጣል፥ የቤቱን ምሰሶና ማገር ይበላል፥ ከሣር ክዳኑ ይገባል። እርሻው ስለ ተራበ ነው።

ለዚህ ምስክር የሚሆነው ምዕራብ ወለጋ ነው። በመንዲ፥ በነጆና በጃርሶ በኩል የምስጥ ጥፋት ከጥንት ይልቅ በዘመናችን እጅግ የበረታ መሆኑ የታወቀ ነው፤ ቤቱም፥ ማሳውም፥ ግጦሹም ተጐድቷል። በዚያም አገር ኩይሳን በመርዝ የመግደል ዘመቻ ተደርጎ ነበር። የመርዙም ነገር ራሱን የቻለ መዘዝ አለው። ለምስጥ ማጥፊያ በዓለም ሁሉ ይሠራባቸው የነበሩት አልድሪን፥ ዲልድሪን፥ ክሎርዴንና ሄፕታክሎር ከአፈር ለብዙ ዓመት የማይለቁ፥ በሰውና በከብት ስብ ውስጥ የሚጠራቀሙ፥ በወተትም ወደ ሕፃን የሚያልፉ ሆነው ስለ ተገኙ በ2001 ዓ.ም. በስቶክሆልም በተፈረመው ስምምነት ተከለከሉ። በወለጋ የተደረገው ምርመራም የምስጡ ጕዳትና የመሬቱ መራቈት ተያይዘው የሚሄዱ መሆናቸውን አሳይቷል። ደኑ ተመነጠረ፥ ከብቱ በግጦሹ ላይ በዛ፥ ሣሩ ሥር መስደድ ተሳነው፤ ምስጡም የቀረውን ጭራሮ ሲጠርግ መሬቱ ባዶውን ቀረ። ባዶውን መሬት ያየ ሰው ሁሉ ምስጥ አራቈተው ይላል። አስቀድሞ ያራቈተው ማን እንደ ሆነ ግን የከብቱን ቍጥርና የጫካውን ምንጣሮ የሚያውቅ ባለ መሬት ራሱ ይፍረድ።

በሌላ በኩል ምስጥን ወዳጅ አድርገው መሬት ያቀኑ ሰዎች አሉ። በቡርኪና ፋሶ፥ ያተንጋ በሚባለው አውራጃ፥ ያኩባ ሳዋዶጎ የተባለ ገበሬ ነበረ። ከ1970ዎቹ ድርቅ በኋላ መሬቱ እንደ ድንጋይ ደርቆ ውኃ አልቀበል ባለ ጊዜ፥ አባቶቹ ዛይ የሚሉትን ጕድጓድ በበጋ እየቈፈረ ፍግና ቅጠል ጨመረበት። ፍጉን የፈለገ ምስጥ መጥቶ የደረቀውን መሬት በብዙ ሺህ ቀዳዳ በሳው፤ ክረምት ሲገባ ውኃው በዚያ ገባ፥ ማሽላውና ዘንጋዳው በቀለ። ሰውዬው ቆይቶ በዚያ በረሃ ደን አበቀለ፤ ለዚህም በ2018 ዓ.ም. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀበለ፤ በ2023 ዓ.ም. ዐረፈ። ምስጡ ያው ምስጥ ነው። አስቀድሞ የሚበላው ስለ ተሰጠው ሰብሉን ተወው፥ ያለ ደመወዝም ማሳ ቈፈረ። በዛምቢያ፥ በማላዊና በዚምባብዌም ገበሬዎች የኩይሳ አፈር ከሌላው አፈር የሚያበቅል መሆኑን ስለሚያውቁ እያፈረሱ በማሳቸው ላይ ይበትኑታል።

እርግጥ ነው፥ በዚህ ዓመት በቆሎው የወደቀበት ባላገር ስለ ባክቴሪያ ቢነግሩት አይጠግብም። ለእርሱ ፈጥኖ የሚደርስ ነገር ያስፈልጋል። ምስጥ በበረታበት ቀበሌ በቆሎ ብቻ ከመዝራት ማሽላን መቀላቀል ይሻላል፤ ማሽላ ለአፍሪካ ምድር የቈየ ተክል ስለ ሆነ ምስጥን ከበቆሎ ይልቅ ሲቋቋም በብዙ ስፍራ ታይቷል። የታጨደ ጤፍ በማሳ ላይ ተጋድሞ አይደር፤ ነዶው ከመሬት ከፍ ባለ ርብራብ ላይ ይከመር። ባሕር ዛፍ በተራቈተ መሬት ላይ መትከል ለምስጥ ግብር መገበር ነው፤ የአገሩ ዛፍ ይቀድም። ሰብሉ በድርቅ ወይም በአረም የደከመ እንደ ሆነ ምስጡ ይደፍረዋልና በጊዜው የታረመ ማሳ ግማሽ መከላከያ አለው።

ዋናው ግን የባለ መሬቱና የሹሙ ነው። ገለባው ሁሉ ለከብትና ለጭቃ ከተወሰደ፥ ፋንድያው ሁሉ ኩበት ሆኖ ከተቃጠለ፥ ቃርሚያውም ሁሉ በከብት ከተጋጠ፥ ለመሬቱ የሚቀረው ምን ይሆን? ባለ መሬት ከሚያጭደው ገለባ አንዱን እጅ በማሳው ላይ እንዲቀር ቢያደርግ፥ የተጎዳውን ግጦሽ ከብት እንዳይገባበት ለጥቂት ዓመት ቢከልል፥ ለዘመቻ ከሚወጣው ጕልበት ያነሰ ወጪ ያወጣል። ክለላ ግን ከባድ ነገር ነው፤ ከብቱ የት ይዋል የሚለውን ጥያቄ ሳይመልሱ አጥር ማጠር ጠብ መዝራት ስለሚሆን፥ ሹሙ አስቀድሞ ከሽማግሎች ጋር ተመካክሮ ተራ ማበጀት፥ የተከለለውንም ሣር ድሆች እያጨዱ እንዲወስዱ መፍቀድ ይገባዋል። ከወረዳ ወደ በላይ በሚላከው ወረቀት ላይም የፈረሰ ኩይሳ የሚለው ዓምድ ተሰርዞ፥ ስንት ሄክታር ግጦሽ እንደ ተከለለና በስንት ማሳ ላይ ገለባ እንደ ቀረ የሚጠይቅ ዓምድ ይግባበት። ሰው የሚሠራው የሚጠየቅበትን ነው።

ኩይሳ ፈጽሞ አይፈርስ ማለት ደግሞ አይደለም። ከቤት አጠገብ፥ ከጎተራና ከአውድማ ዳር ያለው ሊወገድ ይገባዋል። የዚህ ጊዜ ግን ጫፉን ሸርፎ መሄድ ከንቱ ድካም ነው፤ ሠራተኞቹ ቢተርፉ ፈጥነው ይጠግኑታል። ቈፋሪዎች ንግሥቲቱና ንጉሡ እስካሉበት ጠንካራ ጓዳ ድረስ ወርደው ሁለቱንም ያውጡ፤ እንደ ማር እንጀራ የተቦረቦረውንም እርሻ ከየጓዳው ለቅመው ያውጡና በፀሐይ ያስጡት። ምስጡን ዶሮ ይለቅመዋል። አፈሩ በጕድጓዱ አፍ ተከምሮ ክረምቱ እንዳያጥበው፥ ከመጀመሪያው እርሻ በፊት ለቈፈሩት ሰዎች ማሳ ይከፋፈል።